የኩላሊቱ ቀዳዳ

የሐውልቱ እውነተኛ ስም «ሽቅበት» ነው። እግሩ ሥር በነሐስ ሰሌዳ ተጽፎ ነበር፤ ሰሌዳውን አንዱ ሌባ ነቅሎ ወሰደው፤ «ስሙ ጠፋ» ብሎ ያዘነ ሰው ግን ሰፈራችን ውስጥ አልተገኘም። ሁሉም የሚጠራው ኩላሊቱ ብሎ ነው። ልጆች ኩላሊቱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ሴቶች ምንጣፍ ያራግፉበታል፣ ታክሲ የሚጠራ ሰው «ኩላሊቱ ጋ ና» ይላል፤ ባለታክሲውም የቱ ኩላሊት ብሎ አይጠይቅም።

ኮንክሪት ነው። ከመሬት ይነሣና ሽቅብ ሲሄድ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ይጣመማል፣ ይወፍራል፣ ተመልሶ ይጎብጣል። ወገቡ ላይ፣ ከአንደኛ ፎቅ መስኮቶች ትይዩ፣ አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለው። ቀራጺው በምረቃው ዕለት የቀዳዳውን ትርጉም ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ዶፍ ወረደና ተሰብሳቢው ሁሉ ወደየደረጃው ሮጠ። ከዚያ ወዲህ ሊያስረዳ የመጣ የለም፤ የጠየቀም የለም።

ግራና ቀኙ ብሎክ አሥራ ሁለትና ብሎክ አሥራ አራት ናቸው። ሲሠሩ የሁለቱም በረንዳዎች ክፍት ነበሩ። አሁን ለመድኃኒት የሚሆን ክፍት በረንዳ አይገኝም። በእኛ አገር ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ በረንዳውን ይዘጋል፤ አልጋ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ በመስታወት ይዘጋል፣ አንዱ በጡብ፣ አንዱ ከአሮጌ አውቶቡስ በተነቀለ በር። በረንዳውን ክፍት የተወ ሰው ዚፑን ሳይዘጋ አደባባይ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው፤ ጎረቤት በዘዴ ጠጋ ብሎ ይነግረዋል።

በመስከረም፣ ሰፈሩ ሁሉ ለብርዱ ወራት ቀይ ቃሪያ በሚጠብስበት ሰሞን፣ አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጣና የየብሎኩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሐውልቱ በዙሪያው ካሉት ሕንጻዎች ጋር የነበረውን ግንኙነት አጥቷል ስለተባለ፣ ሐሙስ ከዋና ከተማ ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል። በእርግጥም ግንኙነት የለውም ከተባለ ተነቅሎ ታችኛው ሰፈር፣ ጎማ ተራው ያለበት አደባባይ ላይ ይተከላል።

ማስታወቂያውን መጀመሪያ ያነበበችው ጌኖቬቫ ናት። ጌኖቬቫ የብሎክ አሥራ አራት ተጠሪ ናት፤ የደረጃው አምፖል ሲቃጠል፣ አሳንሰሩ ሲቆም፣ የአንዱ ውሻ መግቢያው ላይ ሲሸና ጣጣው የሚመጣው እሷ ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ ምላሷ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ማስታወቂያውን አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ የያዘችውን የቃሪያ ከረጢት አስቀምጣ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች። 

ለኪነ ጥበብ ተቆርቁራ እንዳይመስላችሁ። ምክንያቷን ብሎኩ ውስጥ አንድም ሰው አያውቀውም ነበር።

ትይዩ፣ ብሎክ አሥራ ሁለት አንደኛ ፎቅ ላይ፣ እህቷ ዝላቲና ትኖራለች። ሁለቱ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የጠባቸው መነሻ ለሚሰማው ያስቃል፤ ለእነሱ ግን አላሳቃቸውም። ኩላሊቱ ሥር እሳት አንድደው፣ በእናታቸው ትልቅ ድስት ሉቴኒጻ ማለትም የቃሪያና የቲማቲሙን ድልህ እየሠሩ ሳለ፣ ጌኖቬቫ ጨው ልታመጣ ቤት ስትገባ ዝላቲና ካሮት ጨመረችበት። ካሮት! ጌኖቬቫ «የእማዬን ድስት አረከስሽው» አለች። ዝላቲና ደግሞ «እማዬም ትጨምር ነበር፤ አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ፣ ወግ ስንጀምር ሁልጊዜ ጥለሽን ትሄጂያለሽ» አለች። ይኼኛው ነገር ከካሮቱ ይልቅ ጠልቆ ገባ። ድልሁን በጭልፋ እኩል ተካፈሉና በዚያው ተለያዩ።

ጌኖቬቫ ግን ማለዳ ማለዳ ወጥ ቤቷ ጥግ ያለው በርጩማ ላይ ትወጣለች። እዚያ ላይ ቆማ አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ ስትቀልስ፣ የኩላሊቱ ቀዳዳ የዝላቲናን ወጥ ቤት ከምድጃው እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ያሳያታል። የቀረውን ኮንክሪቱ ይሸፍነዋል። ዝላቲና ሰማያዊ ጋወኗን ለብሳ ትመጣለች፣ ውሃ ትጥዳለች፣ የደም ግፊት ክኒኗን ትውጣለች፣ ዳቦዋን ምድጃው አጠገብ ቆማ ትበላለች። ጌኖቬቫ ይኼን አይታ «አለች፣ ይቺ እባብ!» ትልና ከበርጩማው ወርዳ የራሷን ቁርስ ትበላለች። እሷን ሳታይ ቁርስ የበላችበት ቀን የለም። ይኼን ለሰው ከምትናገር ግን አሳንሰሩን ተሸክማ ስምንተኛ ፎቅ ብትወጣ ይሻላታል።

ኩላሊቱ ቢነሣ የበለጠ አታይም ወይ የሚል ሰው ኩርፊያ አያውቅም። ኩላሊቱ ከተነሣ ሁለቱ መስኮቶች ይፋጠጣሉ። የተኳረፈ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ተፋጦ አይውልም፤ መጋረጃውን ይዘጋል። እሷም ትዘጋለች፣ ዝላቲናም ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ አንዷ ብትሞት ሌላዋ የምትሰማው ከለቀስተኛ ነው። ጌኖቬቫን ደረጃ ላይ ያስቀመጣት ይኼ ነበር።

አመሻሹ ላይ የሁለቱ ብሎክ ሰዎች መግቢያው ደጃፍ ተሰበሰቡ። ዝላቲና አልመጣችም፤ ጌኖቬቫ ባለችበት አትገኝም።

«ይውሰዱልና!» አለ ኩዝማን። ኩዝማን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ ከሰው ጋር መስማማት ጤናውን የሚጎዳው ይመስለዋል። «ከገባሁ ጀምሮ መስኮቴን እንደጋረደኝ ነው። ቦታው ስንት መኪና ያቆም ነበር!»

«ወዴት እንደሚወስዱት አንብበዋል፣ ጋሽ ኩዝማን?» አለ ስታመን።

«ወዴት ነው?»

«ታችኛው ሰፈር።»

ኩዝማን ፊቱ እንደ ቃሪያው ቀላ። «ለታችኞቹ? ኩላሊታችንን ለእነዚያ? ነሐሱን የነቀሉት እነሱ አይደሉም እንዴ! እኔ በሕይወት እያለሁ ፍርፋሪዋን አያገኟትም!»

በቃ፣ ከተተከለ ጀምሮ ሲሰደብ የኖረው ኩላሊት በአንድ አፍታ የሰፈሩ የዐይን ብሌን ሆነ። አንዷ አለቀሰች ሁሉ። ቀጥሎ ግን ጥያቄው መጣ፤ ግንኙነት አለው ብሎ ማስረዳት እንዴት ነው?  ሰው ኮንክሪቱን ያያል፣ ብሎኩን ያያል፣ እንደገና ኮንክሪቱን ያያል።

«እኔ ልናገር?» አለ ስታመን።

የስታመን ሥራ በረንዳ መዝጋት ነው። የሰፈሩን እኩሌታ የዘጋው እሱ ነው፤ ክፍት ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

«ግንኙነት የለውም ያሉት እኮ እውነታቸውን ነው» አለ። «እስቲ ቤቶቻችንን እዩዋቸው። ምን አላቸው? የተዘጋ በረንዳ። እሱስ? ቀዳዳውን በርግዶ ተገትሯል። ታዲያ ከምናችን ጋር ይገናኝ? ዝጉትና ተመልከቱ፤ ቁርጥ እኛን ነው የሚመስለው።»

ጭብጨባው ቀለጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ለካ ጭንቅላት አለህ!» አለ ኩዝማን፤ እሱ መስማማቱ ራሱ ሰውን አስደነገጠ።

ጌኖቬቫን ላብ አጠመቃት። «ቀዳዳው እንኳ ባይዘጋ ይሻላል» አለች።

«ለምን?»

«አየር... አየር ያስገባል።»

«ለማን?» አለ ኩዝማን። «ለኩላሊቱ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልተወችም። «ደግሞ ዝናብ ይገባበታል» አለች፤ ምን እንደምትናገር ጠፍቷት ነበር።

«እኮ! ለዚያ እኮ ነው የምንዘጋው፣ እትዬ ጌኖቬቫ!» አለ ስታመን፣ የደገፈችው መስሎት ደስ ብሎት።

እጅ አውጡ ተባለ። ተጠሪዋ እሷ ስለሆነች ድምፅ የምትቆጥረውም እሷው ናት። ያልወጣ እጅ አልነበረም። ለምን እንዳትባል የራሷንም አወጣች፤ አውጥታም ቆጠረችው። ራሷን በጣም ጠላች።

ረቡዕ ስታመን መሰላሉን ኩላሊቱ ላይ አስደግፎ ሥራውን ጀመረ። ባለ ሁለት ክንፍ ነጭ የፕላስቲክ መስኮት ገጠመለት። መስታወቱ ከአንድ ሰው መታጠቢያ ቤት የተረፈ ነው፤ ወተት የመሰለ፣ ብርሃን እንጂ ሰው የማያሳልፍ። ከዚያ የወባ ትንኝ መረብ ጨመረ። ከብሎክ አሥራ ሁለት አንዷ «መጋረጃ የሌለው መስኮት ያሳፍራል» ብላ ዳንቴል ሰቀለችለት። ሌላዋ አበባ በገንቦ አምጥታ ደፉ ላይ አስቀመጠች። ኩዝማን ከሰው ላለማነስ የተበላሸ የአየር ማቀዝቀዣውን ተሸክሞ መጣና ጎኑ ላይ ሰካው። በመጨረሻ አንዱ ራቅ ብሎ አየና «ቁጥር ይጎድለዋል» አለ። እውነቱን ነበር፤ በአሥራ ሁለትና በአሥራ አራት መካከል ነው የቆመው። ስታመን በቀይ ቀለም አሥራ ሦስት ብሎ ጻፈበት። እንግዲህ የዚያን ቀን ያየው ሰው ኪራይ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ሐሙስ ጠዋት ጌኖቬቫ በርጩማዋ ላይ ወጣች። ዳንቴል አየች። አንገቷን ቀለሰች፤ አሁንም ዳንቴል። «መስታወቱ ነው እንጂ እሷ ምን ትሆናለች» አለች ለራሷ። ወርዳ ዳቦ ቆረሰች፤ አልወርድ አላት። ትናንት ማለዳ፣ መስኮቱ ሳይገጠም፣ ዝላቲና ምድጃውን ይዛ ትንሽ ቆየት ያለች መስሏት ነበር። ክኒኗን የዋጠችው ከውሃው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጭራሽ ሳትውጥ ቢሆንስ? ሻሿን አስራ እስከ በሩ ሄደች፤ ተመለሰች። ሄዳ ምን ልትል ነው? ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በር አንኳኩቶ «እንዴት አደርሽ» ይባላል? ሻሿን ፈታች፤ እንደገና አሰረች።

ኮሚቴው ረፋዱ ላይ መጣ። አንድ የማዘጋጃ ቤት ሰው፣ አንድ ፎቶ አንሺ፣ ዋናዋ ደግሞ አርክቴክት ቫንኮቫ፤ መነጽሯ ከፊቷ የሚሰፋ ቀጭን ሴት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። ጌኖቬቫ በኩላሊቱ በወዲህ በኩል ቆማ ከብሎክ አሥራ ሁለት የሚወጣውን ሰው አንድ በአንድ አየች። ዝላቲና የለችም።

ቫንኮቫ ኩላሊቱን አንዴ ዞረችው። ሁለተኛ ስትዞረው መነጽሯን አወለቀች።

«ይኼ... ምንድን ነው?»

«ግንኙነት ነው» አለ ስታመን፣ ደረቱን ነፍቶ።

«አየር ማቀዝቀዣውስ?»

«እሱ የጋሽ ኩዝማን ነው።»

«ይሠራል?»

«አይሠራም» አለ ኩዝማን። «ሐውልቱስ ይሠራል እንዴ?»

ቫንኮቫ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም የለየላት አትመስልም ነበር። «ስሙኝ» አለች በመጨረሻ። «የሠራው ሰው ያንን ቀዳዳ እንዲሁ አልተወውም። ሁለቱ ሕንጻዎች በዚያ በኩል እንዲተያዩ ብሎ ነው። እናንተ ግን ዘጋችሁት። አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? ለመሆኑ ከመካከላችሁ በዚያ ቀዳዳ አንድ ቀን እንኳ አሻግሮ ያየ ሰው አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «ምን ሊያይ?» አለ ኩዝማን።

ቫንኮቫ ተነፈሰችና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ዞረች። እሱም ብዕሩን አወጣ።

«እኔ» አለች ጌኖቬቫ።

ማንም አልሰማትም። የገዛ ጆሮዋ እንኳ በደንብ አልሰማትም።

«እኔ አያለሁ አልኩ!» ብላ ጮኸች። «በየቀኑ! ማለዳ ማለዳ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ እንደ ሌባ! እህቴን ነው የማያት! ዛሬ ግን በእናንተ ዳንቴል የተነሣ አላየኋትም፤ ትኑር ትሙት አላውቅም! አንተ ስታመን፣ ያንን መሰላል ልቀቅ!»

«እትዬ ጌኖቬቫ፣ ይወድቃሉ!»

«ብወድቅ ምን አገባህ!»

ወጣች። ለሰባ ዓመት ሴት የማይታመን ነው፤ ግን ወጣች። ዳንቴሉን ገነጠለች፣ አንዱን ክንፍ ወለል አድርጋ ከፈተች፣ መረቡን ቀደደች፤ ገንቦው ወደቀና የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ጫማ ላይ ተከሰከሰ። እጆቿን፣ ራሷን፣ ትከሻዋን፣ ደረቷን በመስኮቱ አሾለከች።

«ዝላቲና! አንቺ ዝላቲና! አለሽ?»

 ጌኖቬቫ በክርኗ እየገፋች ይበልጥ ወደ ፊት ተሳበች።

ከዚያ የብሎክ አሥራ ሁለት አንደኛ ፎቅ መስኮት ብርግድ ብሎ ተከፈተ።

«አለሁ! ምን ያስጮኽሻል፣ ደንቆሮ ነኝ?» ዝላቲና ናት፤ በሰማያዊ ጋወኗ። «አንቺ ራስሽ የት ገብተሽ ነው? ከንጋት ጀምሮ እዚህ ምድጃ ሥር ተገትሬ እግሬ አበጠ!»

«አንቺ... ታዪኝ ነበር እንዴ?»

«አላይሽም እንዴ! ጣራ ሥር እንደ ቆጥ ዶሮ ተሰቅለሽ! አየኋት ብለሽ ታስቢያለሽ እንጂ ታየሁ ብለሽ መቼ አስበሽ ታውቂያለሽ! ለመሆኑ ይኼን ሁሉ ዓመት ዳቦዬን ቆሜ የምበላው ለምን ይመስልሻል? ጠረጴዛ የለኝም? ጠረጴዛው ከቀዳዳው ውጪ ሆኖብኝ ነው! ተቀምጬ ብበላ አታዪኝማ! ሞተች ብለሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ አንቺ ደረቅ!»

 ኩዝማን እንኳ የሚቃወመው ነገር አጣ። ጌኖቬቫ እንባዋ በአገጯ ወረደ። ልትጠርገው እጇን ልትመልስ ሞከረች፤ አልመለስ አላት። ወደ ኋላ ሳብ አለች፤ ደረቷ ሲገባ ገብቷል፣ ሲወጣ ግን አልወጣም።

«ስታመን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አቤት፣ እትዬ» ከኋላዋ መጣ መልሱ።

«ተቀርቅሬያለሁ።»

ሁለት ሰው እግሯን ያዘ፤ ሦስተኛው የያዙትን ያዘ። ጎተቱ። የወጣው አንድ ጫማ ብቻ ነው። ቫንኮቫ በብሎክ አሥራ አራት በኩል ቆማ የሱፍ ካልሲ ያደረጉ ሁለት እግሮች አየች፤ ዞራ በብሎክ አሥራ ሁለት በኩል እንባ ያራሰው ፊት አየች። ተመልሳም እግሮቹን አየች። ፎቶ አንሺው በሁለቱም በኩል አነሳ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣ ጫማውን እያራገፈ።

«ግንኙነት አለው ብለህ ጻፍ» አለች ቫንኮቫ። «ይኼ ግንኙነት ካልሆነ እኔ ተምሬ አልተማርኩም። ሐውልቱ ይቆያል። መስኮቱ ይነሣ። አየር ማቀዝቀዣውም ይነሣ።»

«ቁጥሩስ?» አለ ኩዝማን፣ ቅር ብሎት።

ቫንኮቫ ቀዩን አሥራ ሦስት ቀና ብላ አየችው። «ቁጥሩ እንኳ ይቆይ።»

እልልታው አስተጋባ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ዝላቲና በነጠላ ጫማዋ ከደረጃው ወረደች፤ ወንበር ተሸክማለች። ወንበሩን ከቀዳዳው ሥር ባለው፣ ልጆች በሚንሸራተቱበት ጉብታ ላይ አደላድላ ወጣችበትና ፊቷን ከእህቷ ፊት ትይዩ አደረገች። ሁለቱ ይኼን ያህል ተቀራርበው ከተያዩ ዘመን አልፏል።

«አርጅተሻል» አለች ዝላቲና፣ በጋወኗ እጅጌ የእህቷን ጉንጭ እየጠረገች።

«አንቺስ! ከሩቅ ደህና ትመስዪ ነበር።»

«ቁርስ በላሽ?»

«ሳላይሽ እንዴት ብዬ ልብላ?»

ዝላቲና የተንሸራተተውን የእህቷን ሻሽ አስተካከለችላት።

ይኼን ጊዜ ስታመን መጋዙንና መፍቻውን ይዞ ደረሰ። «እትዬ ዝላቲና፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ክፈፉን ልፍታውና ላውጣቸው፤ ሥራው የአፍታ ነው።»

«ቆይ አንተ፣ ምን አስቸኮለህ!» አለች ዝላቲና ቆጣ ብላ። «ይቺ ሴት በዕድሜዋ ጥላኝ ሳትሄድ ስታዳምጠኝ ገና ዛሬ ነው!»

ከዚያም ጀመረች። ከተጣሉበት ሳምንት ነው የጀመረችው፤ ሐኪሙ ምን እንዳላት፣ ልጇ ያንን ቂል እንዴት እንዳገባችው፣ ሰርጉ ላይ የጌኖቬቫን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ቦርሳዋን አስቀምጣበት እንደዋለች፣ ድመቷ በምን እንደሞተች። የመጀመሪያው ዓመት ገና አላለቀም ነበር። የጌኖቬቫ ወገብ ይቆጠቁጣል፣ መሰላሉ ከእግሯ ሥር ይነቃነቃል፣ የተቀደደው መረብ አፍንጫዋን ይኮረኩራታል፣ ከኋላዋ ደግሞ አንዱ ባዶ እግሯ ይበርዳታል።

«ስታመን» አለች።

«አቤት፣ እትዬ ጌኖቬቫ። ልቁረጠው?»

«ሂድ፣ ምሳህን በልተህ ና።»